የወንጀል ሪከርድ ላለባቸው ሥራ ፈላጊዎች በር የሚከፍቱ ሕጎች

ፍርድ ቤት የሚወስነው ቅጣት መጠኑና ጊዜው የታወቀ ነው። ሦስት ዓመት እስራት የተፈረደበት ሰው ጊዜውን ፈጽሞ ወይም በአመክሮ ተለቆ ወደ ኅብረተሰቡ ይመለሳል። ሥራ ለመቀጠር የሚሞላው ቅጽ ግን ብዙውን ጊዜ የጊዜ ገደብ የሌለው ሌላ ቅጣት ይዞ ይጠብቀዋል። «በወንጀል ተከሰው ተፈርዶብዎት ያውቃሉ?» የሚለው ጥያቄ ጥፋቱ ምን እንደነበረ፣ ከተፈጸመ ስንት ዓመት እንዳለፈውና ከሚፈለገው ሥራ ጋር ምን ግንኙነት እንዳለው ሳይለይ አመልካቹን ከውድድር ውጪ ሊያደርገው ይችላል።

ጉዳዩ የአንድን ግለሰብ መተዳደሪያ ብቻ የሚመለከት አይደለም። ቅጣቱን ጨርሶ የወጣ ሰው ሕጋዊ ገቢ ካላገኘ ቤተሰቡ ይቸገራል፤ ለእርማትና ለሙያ ሥልጠና የወጣው የመንግሥት ገንዘብም ያለ ፍሬ ይቀራል። በሌላ በኩል ቀጣሪ መሥሪያ ቤት የሕዝብን ገንዘብ፣ የሕፃናትን ደኅንነትና የባለጉዳዮችን መብት የመጠበቅ ኃላፊነት አለበት። በዚህ ረገድ የሚወጡ ሕጎች ሁለቱን ጥቅሞች ለማመዛዘን ይሞክራሉ።

የተለያዩ አገሮች የተከተሏቸው መንገዶች በሦስት ሊጠቃለሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው የተወሰነ ጊዜ ሲያልፍ የቀድሞው ፍርድ እንዳልነበረ እንዲቆጠር ማድረግ ነው። ሁለተኛው ቀጣሪው ስለ ወንጀል ሪከርድ የሚጠይቅበትን ጊዜና መልሱን የሚመዝንበትን መስፈርት መወሰን ነው። ሦስተኛው ባለጉዳዩ አመልክቶ ፍርዱ ከመዝገብ እንዲሰረዝለት መፍቀድ ነው። እንግሊዝ ለመጀመሪያው፣ አሜሪካ ለሁለተኛው፣ ኢትዮጵያ ደግሞ ለሦስተኛው ማሳያ ሊሆኑ ይችላሉ። የአገሮቹ ተሞክሮ ሲታይ የሕጉ መኖር ብቻውን በቂ አለመሆኑን፣ መብቱን ለማስከበር መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ውጤቱን እንደሚወስነው መረዳት ይቻላል።

በጊዜ ብዛት የሚያበቃ ፍርድ

በእንግሊዝና በዌልስ የሚሠራው የሕግ ተላላፊዎች መልሶ ማቋቋሚያ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ለሕጉ መነሻ የሆነው በቀድሞው የአገሪቱ ከፍተኛ የሕግ ባለሥልጣን በሎርድ ጋርዲነር የተመራ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1972 ያቀረበው ሪፖርት ነበር።

በሕጉ መሠረት ጥፋተኛው ቅጣቱን ከፈጸመ በኋላ ሌላ ወንጀል ሳይሠራ የተወሰነ ጊዜ ካለፈ ፍርዱ እንዳበቃ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ ሥራ ሲያመለክት ስለ ፍርዱ ቢጠየቅ የመናገር ግዴታ የለበትም። ፍርዱን አልገለጸም ተብሎም ቅጥር ሊከለከል ወይም ከሥራ ሊባረር አይገባም። መዝገቡ እንዲዘጋለት ማመልከቻ ማቅረብም አያስፈልገውም፤ ጊዜው ሲሞላ መብቱ በራሱ ይጸናል።

የጊዜው ርዝመት እንደ ቅጣቱ ክብደት ይለያያል። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 28 ቀን 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ማሻሻያ መሠረት እስከ 1 ዓመት እስራት የተፈረደበት ለዐዋቂ ሰው ቅጣቱ ካበቃ በኋላ 12 ወራት፣ ከ1 ዓመት በላይ እስከ 4 ዓመት ለሆነ እስራት 4 ዓመት፣ ከ4 ዓመት በላይ ለሆነ እስራት ደግሞ 7 ዓመት መቆየት ይኖርበታል። ጥፋተኛ በተባለበት ጊዜ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ከነበረ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። የዕድሜ ልክ እስራትና ከ4 ዓመት በላይ ያስቀጡ ከባድ የኃይል፣ የወሲብና የሽብር ወንጀሎች ግን በዚህ መብት አይሸፈኑም።

ሕጉ በ1974 ሲወጣ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ የሆነ እስራት ፈጽሞ እንዳበቃ አይቆጠርም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ገደቡ ወደ 4 ዓመት ከፍ ብሏል፤ በ2023 ደግሞ አብዛኞቹ ከዚያ በላይ የሆኑ ቅጣቶችም ተካተዋል። እነዚህ ማሻሻያዎች መብቱን ወደ ማስፋት ያመሩ ናቸው።

ሕጉ ለኅብረተሰቡ ደኅንነት የሚያስፈልጉ ልዩ ሁኔታዎችንም ይዟል። እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣው ደንብ መሠረት ከሕፃናትና ረዳት ከሚያስፈልጋቸው ዐዋቂዎች ጋር ለሚሠሩ፣ እንዲሁም በሕክምናና በሕግ ሙያ ለሚሰማሩ ሰዎች የሚደረገው ማጣራት ያበቃ ፍርድንም ሊጨምር ይችላል። ከዚህ ውጪ የመንግሥት መዝገብ የሚይዝ ሠራተኛ ከሥራው ግዴታ ውጪ ስለ አንድ ሰው ያበቃ ፍርድ መረጃ አሳልፎ ቢሰጥ ራሱ በወንጀል ይጠየቃል።

በአሜሪካ፦ የጥያቄው ጊዜና ሚዛን

በአሜሪካ ጉዳዩ የዳበረው በፍርድ ቤቶችና በየክፍለ ግዛቱ ሕግ አውጪዎች በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የስምንተኛው ወረዳ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በአንድ የባቡር ኩባንያ ላይ የሰጠው ውሳኔ በዚህ ረገድ ተጠቃሽ ነው። አመልካቹ በቬትናም ጦርነት ዘመን ለውትድርና አልመለመልም በማለቱ ታስሮ የተፈታ ጥቁር አሜሪካዊ ሲሆን፣ የጠየቀው ሥራ የጸሐፊነት ነበር። ኩባንያው ከትራፊክ ጥፋት በስተቀር በማናቸውም ወንጀል የተፈረደበትን ሰው አለመቅጠሩ በጥቁር ሥራ ፈላጊዎች ላይ የበለጠ ጉዳት እንደሚያደርስና በሥራው ጠባይ ያልተደገፈ መሆኑን ፍርድ ቤቱ ወስኗል።

ከዚህ ጉዳይ የተወሰዱት ሦስት መመዘኛዎች ዛሬም ይሠራባቸዋል። እነሱም የጥፋቱ ዓይነትና ክብደት፣ ከጥፋቱ ወይም ከቅጣቱ ፍጻሜ በኋላ ያለፈው ጊዜ፣ እንዲሁም የተፈለገው ሥራ ጠባይ ናቸው። የአገሪቱ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መመሪያ እነዚህኑ መመዘኛዎች መሠረት አድርጎ ቀጣሪዎች እያንዳንዱን አመልካች ለየብቻ እንዲያዩ መክሯል።

የኒውዮርክ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው ሕግ ቀጣሪዎች ስምንት ነጥቦችን እንዲያገናዝቡ አስገድዷል። ከነዚህም መካከል የሥራው ዝርዝር ተግባር፣ አመልካቹ ጥፋቱን ሲፈጽም የነበረው ዕድሜ፣ ስለ መልካም ጠባዩ የሚያቀርበው ማስረጃና የቀጣሪው ተገቢ ጥቅም ይገኙበታል።

እነዚህ መመዘኛዎች ሊሠሩ የሚችሉት ግን የአመልካቹ ማመልከቻ ከተነበበ ነው። በብዙ የሥራ ማመልከቻ ቅጾች ላይ የወንጀል ሪከርድ ያለበት ሰው ምልክት የሚያደርግባት ትንሽ ሳጥን ትገኝ ነበር። ሳጥኗ ላይ ምልክት ያደረገ ሰው ማመልከቻ ሙያውና ልምዱ ሳይታይ ወደ ጎን ሊተው ይችላል። የሃዋይ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ሕግ ቀጣሪ ስለ ወንጀል ሪከርድ መጠየቅ የሚችለው አመልካቹን ለመቅጠር ቅድመ ሁኔታ ያለው ውሳኔ ካስታወቀ በኋላ እንዲሆን በመደንገግ ቀዳሚ ሆናለች። ሕጉ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችንም የግል ድርጅቶችንም ይመለከታል። በ2020 በተደረገው ማሻሻያ ደግሞ ቀጣሪው ወደኋላ ሊመለከት የሚችለው ጊዜ ለከባድ ወንጀል 7 ዓመት፣ ለቀላል ወንጀል 5 ዓመት እንዲሆን ተወስኗል።

በካሊፎርኒያ የቀድሞ እስረኞች ያቋቋሙት ማኅበር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት «ሳጥኗ ትነሣ» የሚል ዘመቻ ከጀመረ በኋላ ሐሳቡ በስፋት ተሰራጭቷል። በአብዛኞቹ ቦታዎች ሥርዓቱን መጀመሪያ በራሳቸው ላይ ተግባራዊ ያደረጉት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ናቸው። ለምሳሌ ሚኒሶታ እ.ኤ.አ. በ2009 የመንግሥት ቀጣሪዎችን ካስገደደች በኋላ ከ2014 መጀመሪያ አንሥቶ የግል ቀጣሪዎችንም አካታለች። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ 5 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሏቸውን ቀጣሪዎች የሚመለከት ሕግ በሥራ ላይ አውላለች። ዛሬ ከ35 በላይ ክፍለ ግዛቶች ቢያንስ ለመንግሥት ቅጥር ተመሳሳይ ደንብ አላቸው።

በፌዴራል ደረጃ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 20 ቀን 2019 የጸደቀው የሥራ ውድድር ፍትሐዊ ዕድል ሕግ ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው ቀን ተፈጻሚ ሆኗል። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችና ከመንግሥት ጋር ውል የገቡ ድርጅቶች ቅድመ ሁኔታ ያለው የቅጥር ውሳኔ ከመስጠታቸው በፊት የአመልካቹን የወንጀል ሪከርድ እንዳይጠይቁ ይከለክላል። የሕግ አስከባሪነት፣ የብሔራዊ ደኅንነትና ምስጢራዊ ሰነዶችን የሚመለከቱ የሥራ መደቦች ከክልከላው ውጪ ናቸው።

የዚህ ሕግ ልዩ ገጽታ ተጠያቂነቱን በፈጻሚው ሠራተኛ ላይ ማሳረፉ ነው። ክልከላውን ለመጀመሪያ ጊዜ የተላለፈ የፌዴራል ሠራተኛ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። ጥፋቱን ቢደግም እስከ 7 ቀን ከሥራና ከደመወዝ ይታገዳል፤ ጥፋቱ ሲደጋገም የእገዳው ጊዜ ከመርዘሙም በላይ እስከ 1 ሺህ ዶላር የሚደርስ የገንዘብ መቀጮ ሊጨመርበት ይችላል።

ቀጣሪን የሚያበረታቱ ድጋፎች

ከክልከላው ጎን ለጎን የቀጣሪዎችን ሥጋት የሚያቃልሉ ድጋፎችም ተዘርግተዋል። የአሜሪካ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1966 በጀመረው የታማኝነት ዋስትና ፕሮግራም የወንጀል ሪከርድ ያለበትን ሰው የሚቀጥር ድርጅት ሠራተኛው ቢሰርቅ ወይም ገንዘብ ቢያጎድል የሚካስበት ዋስትና ያገኛል። ዋስትናው የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት የሚሸፍን ሲሆን፣ የተለመደው መጠን 5 ሺህ ዶላር ነው። ቀጣሪውም ተቀጣሪውም ምንም ክፍያ አይፈጽሙም።

እ.ኤ.አ. በ1996 የተደነገገው የግብር ቅናሽ ደግሞ ከእስር ከተፈታ ወይም ከተፈረደበት አንድ ዓመት ያልሞላውን ሰው ለቀጠረ ድርጅት በአብዛኛው እስከ 2 ሺህ 400 ዶላር የሚደርስ ቅናሽ የሚፈቅድ ነበር። ይህ ፈቃድ እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ የተፈጸሙ ቅጥሮችን እንዲሸፍን በተደጋጋሚ ሲራዘም ቆይቷል።

ጥናቶች ያመለከቱት ውጤት

የወንጀል ሪከርድ በሥራ ፍለጋ ላይ ያለውን ጫና በግልጽ ካሳዩት ጥናቶች መካከል የሶሺዮሎጂ ባለሙያዋ ዴቫ ፔጀር እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተመችው ይጠቀሳል። በሚልዋኪ ከተማ ተመሳሳይ የትምህርትና የሥራ ልምድ የሚገልጹ ወጣቶች ለ350 ቀጣሪዎች እንዲያመለክቱ ተደርጓል። ሪከርድ የሌላቸው ነጭ አመልካቾች 34 በመቶ ያህሉ ሲጠሩ፣ ሪከርድ አለብን ያሉት ነጮች የተጠሩት 17 በመቶ ብቻ ናቸው። ከጥቁር አመልካቾች ውስጥ ሪከርድ የሌላቸው 14 በመቶ፣ ያለባቸው ደግሞ 5 በመቶ ተጠርተዋል። ሪከርድ የሌለበት ጥቁር አመልካች ሪከርድ ካለበት ነጭ ያነሰ ዕድል ነበረው ማለት ነው።

የጥያቄውን ጊዜ ማዘግየት ይህን ሁሉ ችግር እንደማይፈታም ታይቷል። አማንዳ ኤጋንና ሶንያ ስታር በኒውጀርዚና በኒውዮርክ ከተማ ለናሙና ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ማመልከቻዎችን ልከው እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ጥናት ሁለት ነገሮችን አመልክቷል። ስለ ወንጀል የሚጠይቁ ቀጣሪዎች ሪከርድ የሌላቸውን አመልካቾች በ63 በመቶ ብልጫ ጠርተዋል። ጥያቄው ከቅጹ ከወጣ በኋላ ግን በነጭና በጥቁር አመልካቾች መካከል የነበረው የመጠራት ልዩነት ከ7 በመቶ ወደ 43 በመቶ አሻቅቧል። መረጃው የተከለከለው ቀጣሪ የአመልካቹን ዘር በግምት መስፈሪያ አድርጎታል ማለት ነው። ስለዚህ የጥያቄው መዘግየት ከአድልዎ ክልከላ ቁጥጥር ጋር ካልተጣመረ አንዱን በደል ሲያስቀር ሌላውን ሊያባብስ ይችላል።

ስለ መዝገብ መሰረዝ የተደረገው ጥናት ለአስተዳደር አካላት የበለጠ ትምህርት የሚሰጥ ነው። ጄ. ጄ. ፕሬስኮትና ሶንያ ስታር በሚሺጋን ክፍለ ግዛት ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ጥናት እንዳሳየው መዝገባቸው የተሰረዘላቸው ሰዎች ገቢ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ22 በመቶ በላይ አድጓል። ይሁን እንጂ በሕጉ መሠረት መብቱ ከነበራቸው መካከል በአምስት ዓመት ጊዜ ውስጥ መዝገባቸውን ያሰረዙት 6 ነጥብ 5 በመቶ ብቻ ነበሩ። መብቱን አለማወቅ፣ የሂደቱ ውጣ ውረድና ወጪው ከምክንያቶቹ መካከል ይገኛሉ።

ፔንሲልቫኒያ እ.ኤ.አ. በ2018 ቀላል ጥፋቶችን የሚመለከቱ መዝገቦች ጊዜያቸው ሲደርስ ያለ ማመልከቻ በኮምፒዩተር ተለይተው እንዲዘጉ የሚያደርግ ሕግ በማውጣት ቀዳሚ ሆናለች። ዩታ በ2019፣ ሚሺጋን ደግሞ በ2020 ተመሳሳይ ሕግ አውጥተዋል። በእነዚህ ሕጎች የማንቀሳቀሱ ኃላፊነት ከባለጉዳዩ ወደ መንግሥት ተሸጋግሯል።

በኢትዮጵያ ሕግ፦ መሰየም

በኢትዮጵያ ቅጣቱን የፈጸመ ሰው ስሙ የሚታደስበት ሥርዓት በሕግ የተደነገገው ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ይህን ሥርዓት አካትቶ ነበር። በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግም ከአንቀጽ 232 እስከ 237 ባሉት ድንጋጌዎች «መሰየም» በሚል ስያሜ አስቀጥሎታል። መሰየም ከይቅርታና ከምሕረት የተለየ ነው። ቅጣቱ ከተፈጸመ ወይም በሌላ ሕጋዊ ምክንያት ከቀረ በኋላ፣ የፍርዱ ቀሪ ውጤት የሚነሣበት መንገድ ነው።

መሰየም የሚገኘው ሲጠየቅና ጠያቂው የሚገባው ሆኖ ሲገኝ ነው። ጽኑ እስራት የተፈረደበት ሰው ቢያንስ 5 ዓመት፣ በቀላል ቅጣቶች ደግሞ ቢያንስ 2 ዓመት ካለፈ በኋላ ማመልከት ይችላል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ጠባዩ መልካም ሊሆንና በሌላ ወንጀል ያልተቀጣ ሊሆን ይገባል። የተወሰነበትን ካሣና ወጪም በአቅሙ መጠን ሊከፍል ይጠበቃል።

ሕጉ ለመሰየም የሰጠው ውጤት ሰፊ ነው። በአንቀጽ 235 መሠረት በፍርዱ ምክንያት የተጣሉ የመብትና የሙያ ገደቦች ይነሣሉ። ፍርዱ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ለወደፊቱም እንዳልነበረ ይቆጠራል። የተሰየመውን ሰው በክፉ ልቦና የቀድሞውን ፍርድ እያነሣ የሚነቅፍ ሰው በስም ማጥፋት ድንጋጌዎች ሊጠየቅ ይችላል። የተሰየመው ሰው ከዚያ በኋላ በአምስት ዓመት ውስጥ ከባድ ወንጀል ፈጽሞ በጽኑ እስራት ቢቀጣ መሰየሙ ይሻራል።

ይህ ሥርዓት ከሕገ መንግሥቱም ጋር የተያያዘ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ መተዳደሪያውን፣ ሥራውንና ሙያውን የመምረጥ መብት እንዳለው ይደነግጋል። የወንጀል ሕጉም ከቅጣት ዓላማዎች አንዱ ጥፋተኛው እንዲታረም ማድረግ መሆኑን በአንቀጽ 1 ያስቀምጣል። ወህኒ ቤት ይባል የነበረው ተቋም ማረሚያ ቤት ተብሎ መጠራቱም ይህንኑ ዓላማ የሚያመለክት ነው።

በሌላ በኩል በተለያዩ ጊዜያት የወጡ የመንግሥት ሠራተኞች ሕጎች በተወሰኑ ወንጀሎች የተፈረደበትን ሰው ከመንግሥት ቅጥር የሚያግዱ ድንጋጌዎችን ይዘዋል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረትም ሠራተኛው ለያዘው ሥራ ብቁ በማያደርገው ወንጀል ጥፋተኛ ከተባለ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። እዚህ ላይ ሕጉ የሚጠይቀው ወንጀሉ ከያዘው ሥራ ጋር ያለውን ግንኙነት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

የኢትዮጵያ ሥርዓት የተመሠረተው በማመልከቻ ላይ ነው። በዚህም ምክንያት የሚሺጋን ጥናት ያነሣው ጥያቄ ይመለከተዋል። ከማረሚያ ቤት የሚወጣ ሰው መሰየም የሚባል መብት መኖሩን፣ መቼና እንዴት ማመልከት እንደሚችል የሚነግረው ካላገኘ ድንጋጌው በወረቀት ላይ ይቀራል። ጥቅሙም በፖሊስ አሻራ ተመርምሮ የሚሰጠውን ከወንጀል ነፃ የመሆን ማስረጃ በሚጠየቅበት ዕለት ይታያል። የተሰየመ ሰው ፍርዱ እንዳልነበረ የሚቆጠርለት በመሆኑ፣ መዝገብ የሚይዙና ማስረጃ የሚሰጡ አካላት የፍርድ ቤቱን ውሳኔ በመዝገባቸው ላይ መፈጸማቸው ለመብቱ መሟላት አስፈላጊ ነው።

ለቀጣሪ መሥሪያ ቤቶች የሚሆኑ ነጥቦች

ከላይ የተገለጹት ሕጎች በመጠንና በይዘት ቢለያዩም በቅጥር ሥራ ላይ ለተሰማሩ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች የሚያስጨብጡት ቁም ነገር ተመሳሳይ ነው። በክፍት የሥራ መደብ ማስታወቂያ ላይ ከወንጀል ነፃ የመሆን ማስረጃ ከመጠየቁ በፊት መደቡ በሕግ ይህን የሚያስገድድ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ማስረጃው አስፈላጊ ከሆነም በምዝገባ ወቅት ከመሆን ይልቅ ፈተናውን ላለፈው ተወዳዳሪ መጨረሻ ላይ ቢጠየቅ የአመልካቹ ችሎታ አስቀድሞ የሚመዘንበት ዕድል ይኖራል።

ፍርድ መኖሩ ሲረጋገጥም ጥፋቱ ምን ነበር፣ ስንት ጊዜ አለፈው፣ ከሥራው ጋር ምን ያገናኘዋል የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች መመለስ ይገባል። ገንዘብ ያጎደለን ሰው ለገንዘብ ያዥነት አለመቅጠር አንድ ነገር ነው፤ ከዐሥር ዓመት በፊት በግጭት የተቀጣን ሰው ከአትክልተኛነት መከልከል ግን ሌላ ነው። በሕግ በግልጽ የታገደ መደብ ሲያጋጥም ሕጉን መፈጸም፣ ያልታገደ ሲሆን ደግሞ ያልተጻፈ ክልከላ አለመጨመር የአስተዳደሩ ግዴታ ነው። አመልካቹ የተሰየመ መሆኑን የሚያሳይ የፍርድ ቤት ውሳኔ ካቀረበ የቀድሞውን ፍርድ ለክልከላ ምክንያት ማድረግ ሕጉ የሰረዘውን ቅጣት መልሶ መጣል ይሆናል።